ሽምደዳ ምንድን ነው?

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የእህቴን ልጅ ሳስጠና፣ ዓይኗን ጨፍና «ብርሃን አስተፃምሮ ማለት አረንጓዴ ተክሎች በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት ነው» ብላ በአንድ ትንፋሽ ወረደችው። አንዲት ቃል አልሳተችም። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና «ታዲያ ሌሊት አይርባቸውም?» አለችኝ። እኔም፣ አፌን በቆረጠው፣ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ቀጥዪ» አልኳት።

ሽምደዳ ይህ ነው፤ ነገሩ ሳይገባ ቃሉን እንዳለ ይዞ ፈተና ላይ ማስረከብ። የሸመደደ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለበት መልሱ ይጠፋበታል። መሐል ላይ ካቋረጡትማ ከ«ማለት» ካልጀመረ አይቀጥልም።

በቃል መያዝ ሁሉ ግን ሽምደዳ አይደለም። የማባዛት ሰንጠረዥን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ሽምደዳን ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ዳዊትም ዜማም በቃል ይያዛሉ፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪው ግሱን ካጠና በኋላ፣ ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋድላና ዋሸራ ስማቸው የገነነው በሸምዳጅ አይደለም።

ዘመናዊው ክፍል ውስጥ 60 ልጅ አንድ መምህር ፊት ይቀመጣል። የ60 ልጅ ድርሰት አንብቦ ማረም ስለማይቻል ፈተናው ምርጫ ይሆናል፤ ምርጫው ከኖት ይወጣል፤ ኖቱ ይሸመደዳል። መምህሩን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። ልጁም ቶሎ ይነቃል፤ ማርክ የሚሰጠው ለመልስ ነው፣ ለጥያቄ ማርክ ሲሰጥ አይቶ አያውቅም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃው ስለቀረ ነው ተባለ። ሽምደዳም ድርሻውን ሊወስድ ይገባዋል ባይ ነኝ።

የልጅቷ ጥያቄ መልስ አለው። ተክሎች ቀን ካዘጋጁት ምግብ ከፊሉን በስታርች መልክ አስቀምጠው ሌሊት ይጠቀሙበታል። ከሳምንት በኋላ ይህንኑ ልነግራት ስጀምር፣ እርሳሷን አንስታ ጠየቀችኝ፦

«ፈተና ላይ ይመጣል?»