«የመንግሥት ጠበቃ» የሚለው ስም ሲያሳስት

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ አብሬው የሄድኩት ታክሲ ነጂ ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ለዚህ ሰውዬ እውነቱን አልነግረውም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ከሳሼ ነው» አለኝ። ሰውዬው ፐብሊክ ዲፌንደሩ፣ ማለትም አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆመው፣ የራሱ የወዳጄ ጠበቃ ነበር። ወዳጄ ከተሳፋሪ ጋር ተጋጭቶ በድብደባ ተከሷል። ግማሹ ጥፋት የስሙ ነው፤ «የመንግሥት ጠበቃ» ሲባል አቃቤ ሕጉ ይመስላል። «ተከላካይ ጠበቃ» ብንለው ይሻላል።

«የነገርኩትን ለአቃቤ ሕግ ያቀብላል»
አያቀብልም። ደመወዙ ከመንግሥት ካዝና ቢወጣም፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ከግል ጠበቃ ጋር አንድ ነው፤ ቢያወጣ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። የሚጎዳው መደበቁ ነው፤ አቃቤ ሕጉ ቪዲዮ ሲያወጣ ጠበቃችሁም እንደ እናንተው ችሎት ላይ ይደነግጣል።

«በነጻ ስለሆነ ጀማሪ ነው የሚሰጡን»
አቅም የሌለው ተከሳሽ ጠበቃ እንዲቆምለት መብቱን ያመጣው ክላረንስ ጌዲዮን የተባለ ተከሳሽ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ፑል ቤት ሰብረሃል ተብሎ ያለ ጠበቃ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ አቤት አለ፤ በ1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቅም ለሌለው ተከሳሽ ጠበቃ ይቁምለት ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ፍርድ ቤት በመደበለት ጠበቃ ነጻ ወጣ።

ፐብሊክ ዲፌንደር ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው፤ የሚውለውም እዚያው ችሎት ስለሆነ የዳኛውን ጠባይ ያውቃል። እውነተኛ ችግሩ ጊዜ ነው። መዝገብ ተቆልሎበት ስልክ ላያነሳ ይችላል፤ እናንተም አትመርጡትም። የግል ጠበቃ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፣ ያውም ፍቺና የመኪና አደጋ ሲይዝ የኖረ ካልሆነ።

«ለማንኛውም ክስ በነጻ ይሰጡኛል»
ገቢያችሁ ይታያል። እስራት ለማያስከትል ተራ ቲኬት አይሰጥም፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የለም። ሾፌሮች ግን ልብ በሉ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት እስከ 12 ወር ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። እዚያው ጥፋተኛ ከተባላችሁ፣ የተመደበላችሁ ጠበቃ ክፍያ በፍርድ ቤት ወጪ ላይ ሊታሰብባችሁ ይችላል።

«ብዙ የከፈለ ያሸንፋል»
በወንጀል ጉዳይ «ካሸነፍኩ ትከፍለኛለህ» ማለት ለጠበቃ ክልክል ነው። «አስፈታሃለሁ፣ አትጠራጠር» ከሚላችሁም ሽሹ። ይልቅ ጠይቁት፦ ችሎት የሚቀርበው እሱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይልካል? ክፍያው ከአቃቤ ሕግ ጋር ለሚደረገው ድርድር ብቻ ነው ወይስ ክርክሩንም ይጨምራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

«የግሪን ካርዴ ነገር እሱን አያገባውም»
ያገባዋል። ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የቆየው የጭነት መኪና ሾፌር ሆሴ ፓዲያ፣ ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አትስጋ» ስላለው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከአገር ለመባረር ተጋለጠ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃ ተመድቦም ይሁን ተቀጥሮ ስለ መባረር አደጋ የመምከር ግዴታ አለበት አለ። ጠበቃው ዜግነታችሁን ካልጠየቀ እናንተ ቅደሙ።

ወዳጄ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከጠበቃው ክፍል ወጣ። «ስለ ድብድቡ ገና ሳይጠይቀኝ» አለኝ፣ «የት አገር እንደተወለድኩ ጠየቀኝ።»