ከጣና ዳር አንጋጦ ማየት፦ የባሕር ዳር ሰማይና ዝቅ ብለው የሚያልፉት የጦር አውሮፕላኖች

ዝቅ ብሎ የሚበር የጦር አውሮፕላን ማየት በብዙ አገር ራሱን የቻለ ሱስ ነው። ለዚሁ ብለው ካሜራና ቴርሞስ ተሸክመው ተራራ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ባሕር ዳር ላይ ግን ነገሩ ያለ ቀጠሮ ነው የሚሆነው። ጄት ሲመጣ ባለሱቁ በር ላይ ብቅ ይላል፣ ባጃጅ ነጂው አንገቱን ያወጣል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ካለፈ በኋላ «ሚግ ነው»፣ «ኧረ ሱኮይ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ሳያልቅ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ቦታው

የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሀል ከተማ በስተምዕራብ፣ ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይባላል፤ ቀድሞ ግንቦት 20 ነበር። የመንገደኛ በረራ ያስተናግዳል፣ አየር ኃይሉም ይጠቀምበታል። አንድ ቀን የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሲያርፍ የታየበት ሰማይ ላይ ሌላ ቀን ተዋጊ ጄት ወይም ሄሊኮፕተር ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው።

መንደርደሪያው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰሜን ምሥራቁ ጫፍ ወደ ሐይቁ ያያል። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ሲነፍስ ወደ ውሃው ይነሣል፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ከውሃው በኩል ዝቅ እያለ መጥቶ ያርፋል። እንዲያም ሆነ እንዲህ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው አይጎዳም። ውሃው ላይ ፎቅ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ዓይን የሚጋርድ ነገር የለም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞቅ ባለ ቀን ከባሕር ጠለሉ አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ክንፍም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ብዙ መንደርደር አለበት፣ ከተነሣ በኋላም ቶሎ ከፍ አይልም። ጭነት የያዘ የጦር ማመላለሻ ከሆነማ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ለፓይለቱ ይሄ ራስ ምታት ነው፤ ታች ላለው ተመልካች ግን ሲሳይ ነው።

ልብ የሚሰቅለው ለምንድን ነው?

ዋናው ነገር ድምፁ ነው ብዬ አምናለሁ። ከፍ ብሎ የሚሄድ አውሮፕላን ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ድምፁ ያለበት ቦታ ላይ ሲፈልጉት ግን የለም፣ ቀድሞ ሄዷል። ዝቅ ያለው ጄት ነገሩን ይገለብጠዋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በሴኮንድ 250 ሜትር ይጓዛል። ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጄቱ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሳለ የወጣው ድምፅ ጆሮ ላይ ለመድረስ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ጄቱ ራሱ በአራተኛው ሴኮንድ አናት ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው አንድ ሴኮንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰውነት ይደነግጣል፣ ዓይን ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ያጣዋል። ሁሉም ነገር ትንፋሽ ሳይዋጥ ያልቃል። ደረት ውስጥ የሚቀረው ንዝረት ነው።

የጦር ፓይለቶች ዝቅ ብለው የሚበሩት ለትርኢት አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች መሬት ላይ የተተከለ ራዳር ከአድማስ በታች ያለውን አያይም። 76 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ሜዳማ ቦታ ላይ ላለ ራዳር የሚገለጠው ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ያንን ርቀት ጄት በሦስት ደቂቃ ያልፈዋል። ተራራ ካለ ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ይህ ችሎታ ሳይለማመዱት የሚመጣ አይደለምና ልምምዱ ሰው ባለበት አካባቢም ይደረጋል።

76 ሜትር ያልኩት እንዲሁ አይደለም። በብሪታንያዋ ዌልስ፣ ማክ ሉፕ በሚባለው ሸለቆ የሚለማመዱ ጄቶች የሚወርዱት እስከዚያ ድረስ ነው። ተመልካቾቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሚቀመጡ ጄቱን የሚያዩት ከላይ ወደ ታች ነው፤ የፓይለቱ የራስ ቁር ሳይቀር ይታያል። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆ እንዲህ ያለ ዝነኛ ቦታ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አንድ የባሕር ኃይል ጄት ገደሉን መትቶ ፓይለቱ ሞተ፣ ሰባት ጎብኚዎችም ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረር ቀረ። ስዊዘርላንዶች ደግሞ አክሳልፕ በሚባል ተራራ ላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ሕዝብ ጠርተው የተኩስ ትርኢት ያሳያሉ። ብርዱን እንጃ እንጂ የእነሱ ሳያስቀና አይቀርም።

ከአንቺም እስከ እህል ጠብታው

የኢትዮጵያ የአየር ታሪክ ራሱ የጀመረው በማየት ነው። ራስ ተፈሪ በ1915 ዓ.ም. የየመኗን ኤደን ሲጎበኙ የእንግሊዝ አየር ኃይል ትርኢት አሳያቸው፤ እሳቸውም መብረር አለብኝ ብለው ተሳፈሩ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት፣ አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው።

ከጣና በስተምሥራቅ ያለው አገር የጦር አውሮፕላን ለማየት ብዙም አልቆየም። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ከማዕከላዊው ጦር ጋር አንቺም ላይ ሲገጥሙ ፖቴዞች ከላይ መጡባቸው። መጀመሪያ የጣሉት ወረቀት ነበር፤ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣሉ። ራስ ጉግሣ በዚያው ጦርነት ወደቁ። ከሰማይ የሚወርድ ግዝት ለበጌምድር ገበሬ ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው። እኔ ከቦምቡ ይልቅ ወረቀቱ ይበልጥ ያሸበረ ይመስለኛል።

ሁልጊዜ ግን ቦምብ አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ሄርኩለስ የሚባሉ የእንግሊዝና ትራንሳል የሚባሉ የጀርመን የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች መኪና በማይገባበት ደጋ ላይ እህል ጥለዋል። ከረጢቱ እንዳይፈነዳ በላዩ ላይ ሌላ ከረጢት ይደረብለታል። አውሮፕላኑ 15 ሜትር ገደማ ድረስ ወርዶ ይለቀዋል። አራት ሞተር ያለው ግዙፍ የጦር አውሮፕላን ከቤት ጣራ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲያልፍ፣ ታች ደግሞ ሰው ቆሞ ሲጠብቀው፤ ዝቅ ብሎ የመብረር ጥበብ አገራችን ላይ ከዋለባቸው ሥራዎች ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

ወፎቹ

ጣና የወፍ አገር ነው። ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ፔሊካን፣ ዓሣ አዳኝ ንስር፣ ከዓሣ ገበያው የማይጠፋው አባ ኮዳ ሁሉም በዚያው ሰማይ ነው የሚመላለሱት። ዝቅ ለሚል አውሮፕላን ደግሞ ከወፍ የባሰ ጠላት የለም። ከፍ ካለ ያመልጣቸዋል፤ ሲነሣና ሲያርፍ ግን መሀላቸው ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነው ይሄው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚሄደው የበረራ ቁጥር 604 ቦይንግ 737 ባሕር ዳር አርፎ እንደገና ሲነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። ፓይለቱ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክርም ሞተሮቹ ኃይላቸው አለቀ። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የጦር አውሮፕላን አልነበረም፤ ግን ስለ ባሕር ዳር ሰማይ ሲወራ የማይዘለል ነገር ነው። በየጣራው የምናየው ዓይነት ርግብ ነው ያን ሁሉ ያደረገው።

መቼ ደስ ይላል፣ መቼ ያስፈራል?

እውነቱን ለመናገር አንጋጦ ማየት ደስ የሚለው አውሮፕላኑ ለእኔ አልመጣም ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ማክ ሉፕ ላይ ለሚቀመጡት ተመልካቾች ይህ እምነት ጥያቄ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ባሕር ዳር ላይ ገብቷል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች የባሕር ዳርንና የጎንደርን አውሮፕላን ማረፊያዎች ዒላማ አደረጉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት የድሮን ድምፅ ብዙ ሰው የሚያውቀው ድምፅ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሰማይ ሲያጉረመርም ልጅን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳይሆን ወደ ቤት የሚያስገባ ነው የሚበዛው። የወላጅ ጆሮ ሄሊኮፕተሩን ከጄቱ፣ ጄቱን ከድሮኑ ይለያል፤ የተማረው ወዶ አይደለም።

ለይቶ ለማወቅ ለሚፈልግ

ክርክሩን ለመዳኘት ጥቂት ምልክት ይበቃል። ሱኮይ 27 ሁለት ሞተርና ሁለት የቆመ ጅራት አለው፤ 22 ሜትር ስለሚረዝም ከሩቅም ግዙፍነቱ ይታወቃል። ሚግ 23 ጅራቱ አንድ ነው፣ ክንፉን ደግሞ ወደ ኋላ ያጥፋል። ሄርኩለስ አራት ፕሮፔለር አለው። ከጎንና ጎኑ ጉጥ ክንፍ ያለው፣ ድምፁ ከመታየቱ ብዙ ቀድሞ የሚደርሰው ሄሊኮፕተር ሚ 24 ወይም ሚ 35 ነው፤ እነዚህን ሁለቱን መለየት ለባለሙያ የሚተው ነገር ነው።

ለማየት ክፍት ቦታ ይፈለጋል። ሐይቅ ዳር ያሉት መናፈሻዎች ጥሩ ናቸው። ዓባይ አጠገብ ያለው የቤዛዊት ኮረብታ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ያሳያል፤ ከማረፊያው ግን ይርቃል። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ዕድለኛ ከሆነ አውሮፕላኑ በላዩ ያልፋል።

ፎቶ ማንሣት ሌላ ጉዳይ ነው። ወታደራዊ ቦታና ንብረት፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ጨምሮ፣ ያለ ፈቃድ አይነሣም። የራስን ድሮን ማስነሣትም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል። በተለይ በዚህ ጊዜ ካሜራ ወደ ሰማይ ያቀና ሰው መጠየቁ አይቀርም። «ለፌስቡክ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም። ስልክን ኪስ ውስጥ መተው ነው የሚሻለው።