ስማችን እንደ ቡና አይሰጣም፦ ስለ ደብር መዝገብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጅማ ክረምት ለወረቀት አይራራም። ባለፈው ነሐሴ የሰበካ ጉባኤያችን ጽሕፈት ቤት ጣሪያ አፍስሶ የአባላት መዝገቦቹ ረጠቡ። ፀሐይ ብቅ ባለች ቀን ሁለት ሆነን አወጣናቸውና በረንዳው ላይ ገጽ በገጽ ገልጠን አሰጣናቸው። ከቅዳሴ የወጣው ምእመን በአጠገባቸው ያልፋል። አንዲት እናት ቆም አሉና ጎንበስ ብለው አንዱን ገጽ አዩት። የጎረቤታቸው ስም፣ የክርስትና ስሟ፣ የልጆቿ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥሯ፣ ስልኳ፣ በወር የምትከፍለው ብር፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድሯል። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ገጹን ሸፈኑትና «ልጄ፣ ስማችንን እንደ ቡና አሰጣችሁት እኮ» አሉኝ።

በዚያ ጽሕፈት ቤት በበጎ ፈቃድ ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ዓመታት አልፈዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ መዝገቡን ከዝናብ እንጂ ከሰው ዓይን መጠበቅ እንዳለብኝ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምእመኑም፣ ኮሚቴውም፣ አንዳንዴ ካህናቱም ስለ መዝገቡ የሚሉትን ልብ ብዬ መስማት ጀመርኩ። ደጋግመው ከሰማኋቸውና ስሕተት ሆነው ካገኘኋቸው ጥቂቶቹን እነሆ።

«ቤተ ክርስቲያን ባንክ አይደለችም፤ የዳታ ሕግ አይመለከታትም»

ይመለከታታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለባንክና ለቴሌ ብቻ አይደለም። የሰዎችን መረጃ ሰብስቦ ለምን ዓላማ እንደሚውልና እንዴት እንደሚያዝ የሚወስን ተቋም ሁሉ ተጠያቂ ነው። የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከአዋጁም በፊት ቢሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል።

እንዲያውም የደብር መዝገብ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዋጁ የሃይማኖት እምነትን ከጤናና ከብሔር ማንነት ጋር አንድ ላይ፣ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል። ባንክ ውስጥ ስሜ መኖሩ ስለ እምነቴ ምንም አይናገርም። በደብር መዝገብ ላይ መገኘቱ ግን ሌላ ቃል ሳይነበብ እምነቴን ይናገራል። ጅማ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ካቶሊኩ በአንድ ግቢ ቡና ተጠራርቶ የሚጠጣባት ከተማ ናት። ይህ ፍቅር እንዳለ ሆኖ፣ የትኛው ቤት የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ ከነቤት ቁጥሩ የሚዘረዝር ወረቀት በማናውቀው ሰው እጅ እንዲገባ ማናችንም አንፈልግም። ይህን ስል የመስጊዱንም የአባላት ዝርዝር በማሰብ ነው።

«የእኛ ደብተር ነው፤ ዳታ የሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነው»

በብዕር የተጻፈም ቢሆን፣ ስም ተፈልጎ እንዲገኝ ሆኖ በሥርዓት የተደራጀ መዝገብ የግል ዳታ ነው። ደብተር ደግሞ የይለፍ ቃል የለውም። የገለጠው ሁሉ ያነበዋል።

«አባል ሆኜ ስመዘገብ ሁሉንም ፈቅጃለሁ»

የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ከተደነገገ ጀምሮ ምእመን በአጥቢያው ይመዘገባል፤ አስተዋጽኦውን ይከፍላል፤ የአባልነት ካርድ ይይዛል። የሚመዘገበው ቤተ ክርስቲያን እንድታውቀው፣ ሲታመም እንድትጠይቀው፣ ሲያርፍ ፍትሐት እንድታደርግለት ነው። ለዚህ የተሰጠ ስልክ ቁጥር ለሌላ ጉዳይ የተሰጠ አይደለም። አንድ ጊዜ በጎ የሚመስል ጥያቄ መጥቶልን ነበር። ኢንሹራንስ የሚሸጥ ወጣት፣ ያውም የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ፣ የአባላቱን ስልክ እንድንሰጠው ለመነን። ልጁን እንወደዋለን። ግን ቁጥሮቹ የእኛ ስላልሆኑ አልሰጠነውም። ማስታወቂያውን ሰሌዳ ላይ ለጠፍንለትና የፈለገ ሰው ራሱ ደወለለት።

«የከፈለውንና ያልከፈለውን በስም ማውጣት ግልጽነት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነውና።

በማውቀው አንድ ደብር ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ለታማኝነቱ ማሳያ ይሆነኛል ብሎ ቃል የገቡትን ሁሉ ዝርዝር በኤክሴል አዘጋጅቶ በቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀው። ስም፣ ስልክ፣ ቃል የተገባው ብር፣ የተከፈለው፣ ቀሪው። በግሩፑ ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው ነበር፤ ማን ማን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አረጋውያኑ ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። «እማማ፣ ከሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ነው። ቃል ከገቡት 5,000 ብር ውስጥ 3,000 ቀርቶብዎታል። ሕዝበ ክርስቲያኑ እርስዎን እየጠበቀ ነው፤ በዚህ የቴሌብር ቁጥር ያስገቡልን» ይላል ድምፁ። አንዲት ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና ለቀማ ያሳለፉ እናት የልጃቸውን ልጅ ጠርተው አስላኩ። በኋላ ለምን እንዳመኑ ሲጠየቁ የመለሱት ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «ቀሪውን ብር እኮ አወቀው። እኔና ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምናውቀውን።»

ሌባው ጎበዝ ስለሆነ አልነበረም። ቁጥሩን እኛው አዘጋጅተን፣ በስም ለይተን፣ በስልክ አስደግፈን አስረከብነው። እኛ የምለው ደብሩ የእኔ ሆኖ ሳይሆን፣ በእኛም ግሩፕ እንዲህ ያለ ዝርዝር ወጥቶ ስለሚያውቅ ነው።

እውነታው ይህ ነው። ምእመኑ ሊያውቀው የሚገባው ገንዘቡ ስንት እንደገባና ምን ላይ እንደዋለ ነው። ለዚህ ጠቅላላ ገቢ፣ ጠቅላላ ወጪና የቁጥጥር ሪፖርት በጉባኤ ላይ ይነበባል። አንድ ሰጪ የራሱ ብር መግባቱን ማረጋገጥ ከፈለገ ደረሰኝ አለው። የደረሰኝ ቁጥሮቹን ያለ ስም መለጠፍ ይቻላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ፈልጎ ያገኛል። የማን ስንት የሚለውን ግን ሌላው እንዲያየው ምክንያት የለም። ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዘዘን ወንጌሉ ራሱ ነው። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለትም ከሁሉ አብልጣ እንደሰጠች የተናገረላት ልብን የሚያውቅ ጌታ እንጂ በስም ተራ የተለጠፈ ዝርዝር አይደለም። ያልከፈለ ሰው ስም ሲለጠፍስ? ሥራ ያጣ አባት፣ ባሏ የታመመባት ሴት፣ አፍረው ከቅዳሴ ይቀራሉ። ይህንንም አይቻለሁ።

«ተጋቢዎች ያመጡት የምርመራ ወረቀት ከጋብቻ ፋይሉ ጋር ይቀመጥ»

በብዙ አጥቢያዎች ተክሊል ወይም ሥርዓተ ቁርባን ለመፈጸም የሚመጡ ጥንዶች የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። የጥያቄውን ተገቢነት ለሊቃውንቱ ልተው። የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ነው። መሳቢያዎችን ሳስተካክል ከዓመታት በፊት የተጋቡ ሰዎች ውጤት ከነማኅተሙ፣ ከፎቶግራፋቸው ጋር በስቴፕለር ተያይዞ አገኘሁ። ከመካከላቸው አብረውኝ ያደጉ ነበሩበት። ሳላነብ ለመዝጋት ሞከርኩ፤ ግን ዓይን ከአንዴ በላይ አይፈልግም።

ለሥርዓቱ የሚያስፈልገው ካህኑ ወረቀቱን ማየቱ ነው። አይቶ ለባለቤቱ ይመልስ፤ በፋይሉ ላይ «ታይቷል» ብሎ ቀኑን ይጻፍ። ውጤቱ ምን እንደነበር አይጻፍ። የጤና መረጃ ያለ በቂ ምክንያት ለዓመታት ማከማቸት በሕጉም ፊት አደገኛ ነው። እኛ ያገኘናቸውን ባለቤቶቻቸው እየመጡ እንዲወስዱ ለየብቻ ደወልንላቸው። የደወለው አንድ ካህን ብቻ ነበር፤ በስልክም «ወረቀት አለዎት፤ ይምጡና ይውሰዱ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም።

«የክርስትና ስም ቢታወቅ ምን ይጎዳል?»

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጠው ስም ለብዙዎቻችን ከመታወቂያችን ስም ይልቅ የውስጥ ስም ነው። በቅዳሴ፣ በጸሎት፣ በፍትሐት የምንጠራበት ነው። አያቶቻችን «ስሜን ለክፉ ሰው እንዳትሰጡብኝ» እያሉ ይደብቁት ነበር። ፍርሃታቸውን የማይጋራ ሰው እንኳ ፍላጎታቸውን ማክበር ይችላል። በተለይ ለድውያን ጸሎት የሚጻፈው ዝርዝር ላይ የክርስትና ስምና የሕመሙ ዓይነት ጎን ለጎን ሲሰፍር አያለሁ። እግዚአብሔር ሕመሙን ያውቀዋል። ለጸሎት ስሙ ይበቃል።

«ንስሐ አባቴ የሰሙትን ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል»

ይህን የሚያምን ሰው ንስሐ ከመግባት ሲቀር ማየት ያሳዝናል። ምስጢረ ንስሐ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም፤ ካህኑም ለአስተዳዳሪም ሆነ ለሰበካ ጉባኤ አይናገርም። በጽሕፈት ቤቱ ሊኖር የሚችለው የንስሐ አባትዎ ማን እንደሆኑ ብቻ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሌላ፣ የንስሐው ጉዳይ ሌላ ነው።

«የልጆች ፎቶ ለበረከት ነው፤ ፈቃድ አያስፈልገውም»

ያስፈልጋል። በጥምቀት የሚዘምሩ ሕፃናትን ከሩቅ ማንሳት አንድ ነገር ነው። የሕፃን ፊት አቅርቦ አንስቶ ስሙንና ክፍሉን ጽፎ በዩትዩብ መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። ወላጆችን ጠይቁ። እንቢ ያለ ወላጅ ልጅም ከመዝሙሩ አይወጣም፤ ካሜራው ነው የሚዞረው።

«ደብር ከቀየርኩ ስሜ ከመዝገቡ ይፋቅ»፣ «የክርስትና ካርድ የልደት ምስክር ወረቀት ነው»

ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ወደ ሌላ አጥቢያ የሄደ ሰው ስልኩ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የወርሃዊ ክፍያው ዝርዝር እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል፤ መሸኛውን ይዞ ይሂድ። የጥምቀት መዝገቡ ግን ይቆያል። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም፤ ነገ ለጋብቻ ወይም ለክህነት ማስረጃ ሲፈለግ የሚገኘው እዚያ ነው። ስሕተት ካለበት ሳይፋቅ፣ በጎኑ እርማት ተጽፎ ይፈረምበታል። የክርስትና ካርድ ደግሞ መጠመቅን እንጂ መወለድን አያረጋግጥም። ልደት የሚመዘገበው በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በቀበሌው ክብር መዝገብ ሹም ዘንድ፣ በ90 ቀን ውስጥ ነው።

«ለዚህ ሁሉ ባለሙያና ገንዘብ የለንም»

እኛ ያወጣነው ለአንድ የብረት ቁም ሳጥን ነው። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በአስተዳዳሪው፣ ሌላው በጸሐፊው እጅ። መዝገብ ያወጣ ሰው በአንድ ቀጭን ደብተር ላይ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል። ኤክሴሉ ያለው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ከየኮሚቴው ስልክ ላይ አጠፋነው። ይህኛው ከባድ ነበር፤ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። አዲስ ቅጽ ስናትምም «የወር ገቢ» የሚለውን ጥያቄ አወጣነው። ማንም ለምን እንደገባ ሊያስረዳን አልቻለም።

አሁን ማንኛውም አባል የራሱን መስመር ማየት ከፈለገ ይመጣል፤ በወረቀት የሌሎቹን ሸፍነን እናሳየዋለን። ነጠላቸውን ያለበሱት እናት በጥቅምት መጡ። መነጽራቸውን ከመሐረብ ፈትተው አደረጉና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የባለቤታቸው ስልክ ገና አልተሰረዘም ነበር፤ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። «ይደወል ይሆን?» ብለው ጠየቁኝና መልስ ሳይጠብቁ ወደ ታች ቀጠሉ። የታናሽ ልጃቸው የክርስትና ስም ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። ትክክለኛውን በጆሮዬ ነገሩኝ፤ በጎኑ ጽፌ ፈረምኩበት።