ማርሲያኖ ዛሬ ቢሆን ከባድ ሚዛን አይባልም ነበር

«የ1950ዎቹ ቦክሰኛ ሮኪ ማርሲያኖም የዘመናችን ታይሰን ፉሪም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆኑ ለምን አይነጻጸሩም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ የምድቡ ስም አንድ ቢሆንም ወሰኑ ተቀይሯል። በማርሲያኖ ዘመን ከ175 ፓውንድ (79.4 ኪሎ) ያለፈ ሁሉ ከባድ ሚዛን ነበር። እሱም በ1952 እ.ኤ.አ. ጀርሲ ጆ ዋልኮትን ዘርሮ ቀበቶውን ሲወስድ 184 ፓውንድ ነበር፣ 83.5 ኪሎ ገደማ። ክሩዘር የሚባለው፣ ከከባድ ሚዛን በታች ያለው ምድብ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የዛሬ ጣሪያው 200 ፓውንድ ስለሆነ ማርሲያኖ የሚገባው እዚያ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የመመዘኛው ሰዓት ነው። ድሮ የሚመዘኑት በግጥሚያው ዕለት ነበር፤ ጠዋት 160 ፓውንድ የሆነ ማታም ሪንግ የሚወጣው እዚያው አካባቢ ሆኖ ነው። አሁን ባብዛኛው በዋዜማው ይመዘናሉ። ቦክሰኛው ላቡን ጨምቆ ሚዛኑ ላይ 160፣ ማለትም የመካከለኛ ሚዛን ጣሪያ ይሆናል፣ ከዚያ ጠጥቶ በልቶ በማግስቱ 172 ሆኖ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለውን «መካከለኛ ሚዛን» ከድሮ ቀላል ከባድ ሚዛን (እስከ 175 ፓውንድ) ጋር ማስተያየቱ ይሻላል።

ምን ያህል ኪሎ እንደሚመለስ ከሰው ሰው፣ ደንቡም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ለምሳሌ አይቢኤፍ (ዓለም አቀፉ የቦክስ ፌዴሬሽን) ለብዙ ዓመታት በራሱ የቀበቶ ግጥሚያ በዕለቱ ጠዋት ዳግም ይመዝን ስለነበር፣ ያኔ ከምድቡ ወሰን ከ10 ፓውንድ በላይ ማለፍ ክልክል ነበር።