አሚን ላይ ጨዋታው ያለው ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ጋ ነው

አሳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ሽታው ለምን ቀለል ይላል? የሚከረፋው ነገር በአብዛኛው ትራይሜቲልአሚን ነው፤ አሚን ማለት ከአሞኒያ (NH₃) ሃይድሮጅኖች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በካርቦን ቡድን የተተካበት ውህድ ነው። የሎሚው አሲድ ፕሮቶን (ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን፣ H⁺) ያቀብለዋል፣ አሚኑ ወደ ጨው ይቀየራል፣ ጨው ደግሞ ተንኖ አፍንጫ ጋ አይደርስም። ፕሮቶኑን የያዙት ናይትሮጅኑ ላይ በነጻ የተቀመጡት ሁለት ኤሌክትሮኖች ናቸው። አንድ አሚን ጠንካራ ይሁን ደካማ፣ ፈጣን ይሁን ሰነፍ ለማወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ጥንድ ምን ያህል ነጻ ነው የሚለው ነው።

የቤዝነት፣ ማለትም ፕሮቶን የመቀበል አቅም፣ መለኪያው ፕሮቶን የተቀበለው አሚን ፒኬኤ ነው (pKa፣ ፕሮቶኑን ለመልቀቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳይ ቁጥር)። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቤዙ ጠንካራ ነው፣ የአንድ ቁጥር ልዩነት ደግሞ 10 እጥፍ ነው። አሞኒያ 9.2 አካባቢ ነው። አንድ ሃይድሮጅን በሜቲል (CH₃) ሲተካ፣ ሜቲል ኤሌክትሮን ወደ ናይትሮጅኑ ስለሚገፋ፣ 10.6 ይሆናል። ሁለት ሜቲል 10.7። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ወደ 9.8 ይወርዳል! ጥፋተኛው ውሃ ነው፤ ፕሮቶን የተቀበለውን አዮን በሃይድሮጅን ትስስር ደግፎ የሚያረጋጋው እሱ ሲሆን፣ ሦስት ሜቲል የተሸከመው አዮን ለዚህ የሚሆን አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ነው የቀረው። ውሃ በሌለበት በጋዝ መልክ ሲለካ ባለ ሦስት ሜቲሉ ይበልጣል።

አኒሊን ላይ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ናይትሮጅኑ የቤንዚን ቀለበት ላይ ተጣብቋል (መኪና የሚጠጣው ቤንዚን አይደለም፣ ስማቸው ብቻ ነው የተመሳሰለው)። ጥንዱ በሬዞናንስ (ኤሌክትሮኖች አንድ አተም ላይ ሳይወሰኑ ለብዙ አተሞች ሲከፋፈሉ) ወደ ቀለበቱ ይሳባል፣ ፒኬኤው 4.6 ላይ ይወድቃል። ከሜቲልአሚን በሚሊዮን እጥፍ ደከመ ማለት ነው። ከናይትሮጅኑ ትይዩ፣ ፓራ ላይ፣ ኤሌክትሮን ሳቢው ናይትሮ (NO₂) ቢገባ 1.0 ይደርሳል፤ በናይትሮ ፈንታ ኤሌክትሮን ሰጪው ሜቶክሲ (OCH₃) ቢሆን 5.3 አካባቢ ነው።

ናይትሮጅኑ ያጣውን ግን ቀለበቱ አገኘው። አኒሊን ብሮሚን ውሃ ውስጥ ሲገባ ያለ ምንም ካታሊስት (አፋጣኝ) ሦስት ብሮሚን ይይዝና ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። አንድ ብቻ የሚፈልግ ሰው አሚኑን መጀመሪያ ወደ አሴትአኒላይድ (ናይትሮጅኑ ላይ ካርቦኒል፣ ማለትም C=O፣ ያለው ቡድን የተጨመረበት አኒሊን) ይቀይረዋል፤ የካርቦኒሉ ቡድን ጥንዱን ወደራሱ ስለሚስብ ቀለበቱ ይረጋጋል።

ተማሪ የሚሸወድበት ናይትሬሽን፣ ማለትም ቀለበቱ ላይ ናይትሮ ማስገባት፣ ነው። አሚኖ ቡድን (NH₂) አዲስ ገቢውን ወደ ኦርቶና ፓራ (ከጎኑና ከትይዩው ወዳሉት ቦታዎች) ነው የሚመራው ብሎ ይጽፋል፣ ልክም ነው፣ ግን ድብልቁ ውስጥ ያለው ጠንካራ አሲድ አኒሊኑን ፕሮቶን ያስይዘዋል፣ ጥንዱ ይታሰራል፣ ቀለበቱን የሚመግብ ነገር አይኖርም። ከምርቱ ግማሽ የሚጠጋው ሜታ (በኦርቶና በፓራ መካከል ያለው ቦታ) ሆኖ ይወጣል።