ኔት ነጥብ አርት፦ ተረበኞቹ የኢንተርኔት ሠዓሊያን

ኔት ነጥብ አርት በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔትን እንደ ሸራና ቀለም የያዙ፣ አብዛኞቹ በአውሮፓ ከተሞች ተበታትነው የሚኖሩ ጥቂት ሠዓሊያን የሚታወቁበት ስም ነው። ሸራ ስላልኩ ግን እንዳትሸወዱ፤ ሥዕል አልሣሉም። ድረ ገጽ ሠሩ፣ የመንገድ ስልክ አስጮኹ፣ የሰው ዌብሳይት ገለበጡ፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎችን ለውድድር አስመዘገቡ። በመሀሉ ደግሞ ሌት ተቀን ይተራረቡ ነበር። ተረቡ የሥራው ማጣፈጫ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ራሱ ተረቡ ነው። በአማርኛ ስለነሱ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ስላጣሁ ነው ይህን ያጠናቀርኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና ነጥቧ

ነጥቧ የስሙ አካል ናት፤ በፈረንጅ ፊደል net.art ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንደ ፋይል ቅጥያ ተጻፈች፣ እንደዚያው ቀረች። አመጣጧን የሞስኮው አሌክሴይ ሹልጊን በ1997 እንዲህ ብሎ ጻፈ። በታኅሣሥ 1995 ልዩብልያና፣ ስሎቬኒያ ለሚኖረው ቩክ ቾሲች ላኪው የማይታወቅ ኢሜይል ይደርሰዋል። ፕሮግራሞቹ ስላልተግባቡ ጽሑፉ ዝባዝንኬ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ ምልክትና ቁጥር መሀል የምትነበብ አንዲት ቁራጭ ብቻ ነበረች፤ «ኔት ነጥብ አርት»። ቾሲች ደስ አለው። የሚሠራው ነገር ስም አገኘ።

ጨዋታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቆይቶ መልእክቱ ዛግሬብ ላይ ተፈታ ይላል ሹልጊን። ሲፈታም የሥነ ጥበብ ተቋማትን የሚያብጠለጥል መግለጫ ሆኖ ተገኘ፤ ነጥቧ ደግሞ ተራ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነበረች። አንዱ ዓረፍተ ነገር «ኔት» በሚል ቃል ያልቃል፣ ቀጣዩ «አርት» ብሎ ይጀምርና ጥበብ የሚባለው ነገር ጊዜው አልፎበታል ይላል። በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እንግዲህ ስማቸው ኔት አራት ነጥብ አርት ይሆን ነበር። ዋናው መልእክት የት አለ ለሚል ሰውም መልስ ተዘጋጅቷል፤ ሃርድ ዲስኩ በ1996 ክረምት ተበላሸ።

ታሪኩን ዛሬ እንዳለ የሚቀበል ሰው እምብዛም አይገኝም። ስሙን ያወጣው በርሊን የሚኖረው ፒት ሹልትስ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሹልጊን ፎግሮናል ባይ ነኝ፤ ግን ከፎገረ አይቀር እንዲህ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የተበላሸ ጽሑፍ ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያነቡ በሚያደርገው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ወዳጅ የላከልንን ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ከፍተን የፈረንጅ ፊደል ጥርቅም ስናይ ኖረናል። ከዚያ ጥርቅም ስም ለማውጣት ያሰበ ግን አላውቅም።

ከነሱ በፊት

በርቀት እየተጫወቱ ጥበብ መሥራትን እነሱ አልጀመሩትም። አሜሪካዊው ሬይ ጆንሰን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለወዳጆቹ ሥዕል በፖስታ ይልክ ነበር፤ «ጨምርበትና መልስልኝ» የሚል ትእዛዝም ያክልበታል። በታኅሣሥ 1983 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮይ አስኮት በ11 ከተሞች ያሉ ሠዓሊያንን በኮምፒዩተር መስመር አገናኝቶ አንድ ተረት በጋራ አስጻፋቸው። ለየከተማው ሚና ተሰጠ። ቫንኩቨር ልዕልት ሆነች፣ ፒትስበርግ ልዑል፣ ሲድኒ ጠንቋይ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ቂል፣ ሆኖሉሉ ብልህ ሽማግሌ፣ አምስተርዳም ክፉው ሰው። አንዱ ከተማ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ስለዚህ ተረቱ ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ቀንም ሌሊትም አላረፈም። ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ ቁጭ የሚል አድማጭ የለም፤ ሁሉም ተራኪ ነው፣ እርስ በርስም ይጠላለፋሉ።

እነማን ነበሩ

ብዙ ጊዜ እንደ ዋና የሚጠሩት አምስት ናቸው። ቾሲች ቤልግሬድ የተወለደ፣ ትምህርቱ አርኪዮሎጂ። ሹልጊን ፎቶ አንሺ። ሂዝ በንቲንግ ከለንደን። ኦልያ ሊያሊና ከሞስኮ፣ የፊልም ሐያሲ። አምስተኛው ጆዲ ሲሆን፣ ጆዲ አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሆላንዳዊቷ ዮዋን ሄምስከርክና ቤልጅጋዊው ዲርክ ፓስማንስ። ስለዚህ አምስቱ ስድስት ናቸው። አሜሪካኖቹን፣ ሌሎቹን ሴቶች፣ ከአውሮፓ ውጭ ያሉትን የሚያስቀር ዝርዝር ነው ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱ ትክክል ነው፣ እኔም ከነዚሁ ከአምስቱ ልጀምር ነው።

ምሥራቅ አውሮፓውያን ለምን በዙ? የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ሞስኮና ልዩብልያና ውስጥ ሥዕል የሚገዛ ጋለሪ እንደ ልብ አይገኝም። በአንጻሩ የአሜሪካዊው ባለጸጋ የጆርጅ ሶሮስ ገንዘብ በየከተማው የኮምፒዩተር ማእከል ይከፍት ነበር። ቾሲች ካቋቋሙት አንዱ የሆነበት ልዩብልያና ያለው ሉድሚላ የተባለ ማእከል በ1994 የተከፈተው በዚያ ገንዘብ ነው። ወጪው ትንሽ ነው። ሞደሙ ቀርፋፋ ስለሆነ ሥራው ቀላል መሆን አለበት፤ ጥቂት መስመር ኮድ፣ አንዲት ትንሽ ምስል። ሞስኮ ተቀምጦ የተሠራ ገጽ ኒው ዮርክ ለመታየት ቪዛ አይጠይቅም። ኔትታይም የተባለው የኢሜይል ቡድን በ1995 ከተጀመረ በኋላ ሁሉም እዚያ ይገናኙ፣ ይከራከሩ፣ ሙድ ይያያዙ ነበር።

ከ1994 እስከ 1999

ስልኩ ይቅደም። በ1994 በንቲንግ ለንደን ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ውስጥና አካባቢው ያሉ ከ30 በላይ የሕዝብ ስልኮችን ቁጥር ለቀመና ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። ቀኑ ኦገስት 5። ትእዛዙም ቀላል ነበር። ደውሉና ጥቂት አስጩኻችሁ ዝጉ። ወይም በሆነ ምት እያፈራረቃችሁ ደውሉ። ወይም ካነሣው ሰው ጋር አውሩ። ወይም እዚያው ጣቢያው ሄዳችሁ ሰው ምን እንደሚሆን ታዘቡ። ካልፈለጋችሁም ሌላ ነገር አድርጉ። አስቡት እስኪ፤ ወደ ቤት ለመሄድ የሚጣደፍ ሰው፣ አጠገቡ ያለው ስልክ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያለው ይከተላል። ለኔ ነው ብሎ የሚያነሣ የለም። በመጨረሻ አንዱ ደፋር ያነሣና ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ይጀምራል።

ተሳካ ወይስ አልተሳካም? በንቲንግ ገና ሰዎችን ሲጠራ የሪፖርቱን አማራጮች አዘጋጅቶ ነበር። ወይ ማንም አልደወለም ብዬ እጽፋለሁ፣ ወይ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ በስልክ ጩኸት ጨፈረ ብዬ እጽፋለሁ፣ ወይ ያልታሰበ ነገር ሆነ እላለሁ ብሏል። በኋላ የተጻፉት ታሪኮች ጣቢያው በጩኸት ተናወጠ ይላሉ። ይሁን።

ጆዲ ደግሞ ሰው ያስደነግጣሉ። በ1995 የሠሩትን ገጽ ስትከፍቱ ጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ የነጥብ፣ የሰረዝና የቁጥር ክምር ታያላችሁ። ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒዩተሬ ተበላሸ ያለ ሰው ብዙ ነው። የገጹን ምንጭ ኮድ የከፈተ ግን፣ ማለትም ማንም የማያየውን የውስጥ ጽሑፍ፣ እዚያ በፊደልና በሰረዝ በጥንቃቄ የተሣለ የቦምብ ንድፍ ያገኛል። ውጩ ዝባዝንኬ፣ ውስጡ ሥዕል። ሰሙን ገፈው ወርቁን ለሚፈልጉ የቅኔ ተማሪዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ ጆዲ ወርቅ አለ ብለው አለመንገራቸው ነው።

ሊያሊና ከሁሉም ስሜት የሚነካውን ሥራ ሠራች። በ1996 ነው። ከጦርነት የተመለሰ ወንድና የቆየችው ሴት ያወራሉ። ገጹ ጥቁር ነው። አንዱን ቃል ወይም ምስል ስትነኩ ገጹ ለሁለት ይከፈላል፣ ያም ይከፈላል፣ ንግግራቸውም እየተሰነጣጠቀ በትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ይበታተናል። መጨረሻ ላይ ባዶ ጥቁር ሳጥኖች ይቀራሉ። ጓደኞቿና የማታውቃቸው ሰዎች ይህን ሥራ እንደገና ሠሩት፤ በቪዲዮ ጌም፣ በፓወር ፖይንት፣ በድምፅ፣ በቲሸርት ሳይቀር። ሌላው ቢሆን ሥራዬን ሰረቁ ብሎ ይካሰስ ነበር። እሷ ቅጂዎቹን ሰብስባ ኢንተርኔት ላይ ሙዚየም ከፈተችላቸው።

ስለ ስርቆት ካነሣን የቾሲችን ሳንጠቅስ አናልፍም። ዶኩሜንታ በጀርመን ካስል ከተማ ብዙውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ነው። በ1997 የአሥረኛው ትርኢት አዘጋጆች የኢንተርኔት ሥራዎችን ጋበዙ፤ ትርኢቱ ሲያልቅ ግን ዌብሳይቱን እንዘጋለን አሉ። ቾሲች ከመዘጋቱ በፊት ጠቅላላውን ገልብጦ የራሱ ቤት አስቀመጠው። የወጣው የጋዜጣ መግለጫ የምሥራቅ አውሮፓ ሃከር ዌብሳይቱን ሰረቀ የሚል ነበር፤ ምዕራባውያን ስለምሥራቁ የሚያስቡትን ቀድሞ በራሳቸው አፍ መናገር መሆኑ ነው። አንጀት ያርሳል።

በዚያው ዓመት ሀምበርግ ኩንስትሃለ የተባለው ሙዚየም የኢንተርኔት ጥበብ ውድድር አወጣ። ጀርመናዊቷ ኮርኔሊያ ዞልፍራንክ ከ200 በላይ የሌሉ ሴት ሠዓሊያንን ፈጠረች፤ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይል ያላቸው፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ። ሥራቸውን የሠራላቸው ኮምፒዩተር ነው። አንድ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላይ ቁርጥራጭ ለቅሞ ደባልቆ ገጽ ይሠራል። ሙዚየሙ ምን እንዳጋጠመው ሳያውቅ ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው ብሎ በኩራት አስታወቀ። ሦስቱንም ሽልማት የወሰዱት ወንዶች ናቸው። ዞልፍራንክ ጉዱን ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከአምስቱ ዝርዝር ውስጥ አለመግባቷ እስካሁን ይገርመኛል፤ ተረብ ከተባለ ይህ ነው።

ሹልጊን ሥራው ብዙ ነው። ቅጽ ስንሞላ የምንነካቸውን ሳጥኖችና አዝራሮች ደርድሮ ሥዕል አደረጋቸው። ሠሪዎቻቸው ጥበብ ነው ብለው ላላሰቡት ተራ ድረ ገጽ ሜዳሊያ ሰጠ። በ1998 ደግሞ 386 የተባለውን ያረጀ ኮምፒዩተር የሮክ ዘፋኝ አደረገው፤ በዚያ ደረቅ የማሽን ድምፅ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ያዜማል። ከአሜሪካዊቷ ናታሊ ቡክቺን ጋር የጻፈው የኔት ነጥብ አርት መግቢያ፣ እንዴት ዝነኛ መሆን እንደሚቻል ጭምር የሚመክር ግማሽ ቀልድ ግማሽ ቁምነገር የሆነ ጽሑፍ፣ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ለትርኢት ቀረበ። ጽላት ልበለው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ቀልዱ እነሱ ዘንድ ይበቃል።

በ1999 ጆዲ ለምርጥ ድረ ገጾች የሚሰጠውን የዌቢ ሽልማት በጥበብ ዘርፍ አሸነፉ። በዚያ ሽልማት ላይ ተሸላሚ የሚናገረው አምስት ቃል ብቻ ነው። እነሱም አምስቷን ተጠቅመው አዳራሹን ሰደቡት፤ ወደኛ ሲመለስ «አስቀያሚ ነጋዴ የውሻ ልጆች» እንደማለት ነው። እኛ በአራት ጨረስነው።

ከዚያ ወዲህ

ቾሲችና ሌሎቹ ኔት ነጥብ አርት ሞቷል ማለት የጀመሩት 1990ዎቹ ሳያልቁ ነው፤ ይህም ከቀልዱ ይቆጠር አይቆጠር እንጃ። በ2001 ስሎቬኒያ ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ የራሷን ማሳያ ስፍራ ለቾሲችና ለወዳጆቹ ሰጠች። ከጋበዛቸው መሀል ስማቸውን በዜሮና በአንድ ብቻ የሚጽፉ ጥንድ ጣልያናውያን ነበሩ። እነሱም የኮምፒዩተር ቫይረስ ጽፈው የመክፈቻው ዕለት ለቀቁት፤ ኮዱንም ቲሸርት ላይ አትመው አስቀመጡ።

በንቲንግ ከዚህ በኋላ ከስክሪን ወጣ። በ2002 አካባቢ የአውሮፓን ድንበሮች ያለ ፍተሻ በእግር እንዴት እንደሚያቋርጡ የሚያሳይ መመሪያ ሠራ። በየጫካውና በየወንዙ ራሱ ሄዶ፣ ፎቶ አንሥቶ ነው። ለንደን ያለው ቴት ሙዚየም ደግፎታል። መመሪያው እንደ ልብ ከየትም ኮምፒዩተር የሚከፈት አልነበረም፤ ፈቃድ ከተሰጣቸው ቦታዎች ብቻ ነበር። ፓስፖርት ላለው እንግሊዛዊ ይህ ብልህ ጨዋታ ነው። በሊቢያ በኩል ሜዲትራኒያንን ለተሻገረ የኛ ልጅ ምን እንደሚመስል ግን እንጃ።

ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው፤ የዶኩሜንታው ስርቆት ዓመት። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ ጆዲን የከፈተ ሰው ካለ፣ ይህ መሥመር ምን ነካው ብሎ እንደዘጋው አልጠራጠርም።

ኒው ዮርክ ያለው ራይዞም የተባለ የዲጂታል ጥበብ ድርጅት፣ በ1996 የተመሠረተው፣ ከ2016 እስከ 2019 ድረስ 100 የኢንተርኔት ጥበብ ሥራዎችን መርጦ እንደገና እንዲታዩ አድርጓል። ብዙዎቹ በዛሬ ብራውዘር አይሠሩም። ስለዚህ የድሮውን ብራውዘር በዛሬው ኮምፒዩተር ውስጥ አስመስለው ያስነሡታል። የጆዲ ገጽ ግን ያ ሁሉ አያሻውም፤ ዘጠኝ ደብልዩ፣ ነጥብ፣ ጆዲ፣ ነጥብ፣ ኦርግ ብላችሁ ጻፉ። ምንጭ ኮዱን ማየት አትርሱ። በስልክ ስለሚያስቸግር ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት።