የደን ኮረሪማና ገበሬው

ኮረሪማ ያልገባበት በርበሬ ጎዶሎ ነው። ንጥር ቅቤውም፣ ሚጥሚጣውም፣ ክትፎውም ያለ እሱ አይጥምም። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ የሚወሽቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ በየሱቁ የሚሸጠው ሄል አይተካላቸውም። ማን ያበቅለዋል ቢባል ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም።

ኮረሪማ የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ ነው። አገሩ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች ሸኮ፣ በዳውሮ፣ በጋሞና በአሪ ይበቅላል፤ በጅማና በኢሉባቦር በኩልም አለ። ካፋዎች ኦፊዮ ይሉታል። ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው አይወድም፤ እንደ ዋንዛና ሳሳ ያሉ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚመቸው። ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል።

የሚገርመው አፈራሩ ነው። ፍሬው ከላይ ከቅጠሉ መሃል አይወጣም፤ ከሥሩ፣ መሬቱን ታኮ ነው የሚያፈራው። ለቃሚዋ ጎንበስ ብላ፣ የረገፈውን ቅጠል በእጇ ገልጣ ትፈልገዋለች። የበሰለው ደማቅ ቀይ ነው፣ ቅርጹም ትንሽ ቅል ይመስላል። ሲሰነጠቅ ዘሮቹ በነጭ ሥጋ ተጠቅልለው ይታያሉ። ደርቆ ቡናማ ሲሆን እንደ መቁጠሪያ በገመድ ተሰክቶ ገበያ ይወጣል።

ለኮረሪማ ገበሬ ኦርጋኒክ፣ ማለትም ያለ ኬሚካል ማምረት፣ አዲስ አስተራረስ አይደለም። ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ለኮረሪማ አይጠቀምም፤ ጥላው፣ የረገፈው ቅጠልና ጉልበቱ ይበቁታል። የሚቸግረው ማስረጃው ነው። አገሪቱ ለኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ካወጣች ቆይታለች። የውጭ ገዢ ግን በራሱ አገር ሕግ የታወቀ ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ያን ወረቀት አንድ ገበሬ ብቻውን ከፍሎ አያወጣውም። ስለዚህ በማኅበር ይደራጃሉ። የእያንዳንዱ አባል ማሳ ይመዘገባል፣ ከአባላቱ የተመረጡ ተቆጣጣሪዎች ይዞራሉ፣ ከዚያ የምስክር ወረቀት ሰጪው ድርጅት መርማሪ የተወሰኑትን መርጦ ያያል። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ ደንብ አንድ ቡድን ከ2000 አባል እንዳይበልጥና ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ያስገድዳል። ቀደም ሲል ላኪው ድርጅት በራሱ ስም ምስክር ወረቀት ይዞ ገበሬውን ሥሩ ያሰልፍ ነበር። ወረቀቱ በገበሬዎቹ በራሳቸው ስም መሆኑ፣ ብዙ ድካም ቢያመጣም፣ ለእኔ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ሌላ ገዢ ቢመጣ ይዘውት መደራደር ይችላሉና።

ዋናው ጉዳይ ግን ሚዛኑ ላይ ነው ያለው። ኮረሪማ ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ እያለ ይለቀማል። ገበሬው ነገሩ ጠፍቶት አይደለም። ሌባ ይቀድመዋል፣ ዝንጀሮና ጦጣ ይቀድሙታል፣ የልጅ ደብተር መግዣ ደግሞ ዛሬ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሰብሳቢው አረንጓዴውንም ቀዩንም ደባልቆ በአንድ ዋጋ ይወስዳል። ታዲያ ለምን ብሎ ይጠብቅ? ያልበሰለው ሲደርቅ ይጨማተራል፣ መዓዛውም ደካማ ነው። መሬት ላይ ከተሰጣ አፈርና ሻጋታ ይይዛል፤ ምድጃ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እንደ ቡና ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ ቀዩን ለብቻ መመዘን፣ ለብቻ መክፈል፣ ገንዘቡን ደግሞ እዚያው እጁ ላይ ማድረግ። ገዢው ይህን ካደረገ ገበሬው በሚቀጥለው ገበያ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ፍትሐዊ ግዢ የሚባለው ነገር ማሸጊያው ላይ ከሚለጠፈው መለያ በፊት እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ከለቀማ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ቢጨመርበት ደግሞ ገበሬው ገና እሸቱን ለነጋዴ አሳልፎ ከመስጠት ይድናል።

ደኑም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። አሳታፊ የደን አስተዳደር በተጀመረባቸው አካባቢዎች ነዋሪው ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹ ማር፣ ቡና፣ ጥምዝና ኮረሪማ የመሰብሰብ መብት አለው። ዛፉ ከተቆረጠ ኮረሪማው አብሮ ይሄዳል። ሥሩ ተዳፋቱን ይዞ ስለሚያቆም አፈሩም ይከተላል።

ቅመም በደንብ ካልታሰበበት ምን እንደሚያስከትል ዝንጅብል አሳይቶናል። በወላይታ፣ በሀዲያና በከምባታ ብዙ ቤተሰብ በዝንጅብል ይተዳደር ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገባና ማሳውን ጠራረገው። በሽታው በዘር ዝንጅብሉና በአፈሩ ይተላለፋል፤ የሚያድነው መርጨትም የለም። የቀረው ንጹሕ ዘርና ማሳ ማፈራረቅ ነው። ኮረሪማን ከደኑ አውጥቶ በሰፊው ለብቻው ለመትከል የሚያስብ ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

ለአገር ውስጥ ገበያስ? እዚህ የአውሮፓ ወረቀት አያስፈልግም። ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ እያየ የሚመሰክርበት አሳታፊ የማረጋገጫ ሥርዓት አለ፤ ወጪው ትንሽ ነው። መርካቶ ላይ የተሰካ ኮረሪማ ስንገዛ ገመዱ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። የቀበሌውና የማኅበሩ ስም ያለበት አንዲት ካርቶን ገመዱ ጫፍ ላይ ብትታሰር፣ በርበሬ የምታዘጋጅ እናት በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ስም ጠርታ ትጠይቃለች።